ግሪኖቹ ለምን ሞቱ? ለጎልፍ ሜዳችን አስተዳደር ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ለተከበራችሁ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳው አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት፣

ግልባጭ፦ ለሜዳው ተጫዋቾችና ለካውንቲው ግብር ከፋዮች

የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ የዚህን ሜዳ ሣር የምናጭድ፣ የምናጠጣና ሲታመም የምናክም ሠራተኞች ነን። ከኢትዮጵያ፣ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ መጥተን እዚህ የተገናኘን ነን። የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ ቅጂ ለጽሕፈት ቤታችሁ በእጅ ገብቷል። በአማርኛም ያወጣነው በዚህ ካውንቲ ግብር የሚከፍልና ድምፅ የሚሰጥ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ስለሆነ ነው። ሜዳው የሕዝብ ነው፤ በሜዳው ላይ የሆነውን ማወቅ ደግሞ የእነርሱም መብት ነው።

ለመጻፍ ያስገደደን በዚህ ወር መጀመሪያ በክለቡ መግቢያ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ነው። ስድስተኛው፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ አራተኛው ግሪን የተዘጉት «ባልተጠበቀ ሙቀትና በእንክብካቤ ጉድለት» እንደሆነ ይገልጻል። ተጫዋቾች በየቀኑ እያነበቡት ወደ እኛ ይዞራሉ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያየናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጆቻችን በሚሰሙበት መኪና ማቆሚያ ላይ ሰነፎች ይለናል። ማስታወቂያው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ምክንያቶች እውነት አይደሉም። ሙቀቱ የሚጠበቅ ነበር፤ ጉድለቱም ከእኛ እጅ የወጣ አይደለም። በመጋቢት ወር በስብሰባ አዳራሽ የተወሰነ ውሳኔ በሐምሌ ሜዳው ላይ ምን እንዳደረገ በዝርዝር እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ጎልፍን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ግሪን የሚባለው ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት፣ ሣሩ ከሦስት ሚሊ ሜትር እምብዛም ሳያልፍ የሚታጨድ ለስላሳ ቦታ ነው። በ72 ምት በሚሰላ ሜዳ ላይ ግማሹ፣ ማለትም 36ቱ ምት፣ የሚታሰበው ለግሪን ነው። ከጠቅላላው መሬት ስፋቱ ጥቂት ቢሆንም ተጫዋቹ ገንዘቡን የሚከፍለው በአብዛኛው ለእርሱ ነው። በእኛ ሜዳ ግሪኖቹ ላይ ያለው ሣር ቤንትግራስ ይባላል። የቀዝቃዛ አገር ሣር ነው። ቅጠሉ ደኅና ሆኖ የሚያድገው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን ሥሩ ደግሞ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ባለው አፈር ይስማማዋል። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ በአገር ቤት እንደምናውቀው የዝናብና የብርድ ወራት አይደሉም፤ የዓመቱ ዋና ሙቀት የሚበረታው ያኔ ነው። ቀን ከ32 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ20 በታች የማይወርድባቸው ተከታታይ ሳምንታት አሉ። በዚህ ጊዜ ቤንትግራስ ከፀሐይ ከሚሠራው ምግብ ይልቅ ለመተንፈስ የሚያቃጥለው ይበልጣል። በፀደይ ያጠራቀመውን እየበላ ይቆያል፤ ሥሩም ያጥራል። በሚያዝያ ቆርጠን ስናወጣው ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያንስ የነበረው ሥር በሐምሌ መጨረሻ ከሁለት ጣት አይበልጥም።

ፌርዌዩ፣ ማለትም ወደ ግሪኑ የሚወስደው ሰፊ የሣር መስመር ላይ ያለው ሣር ግን ዘንድሮም ለምለም ነው። እርሱ በርሙዳ ነው፤ የእኛው ሰርዶ ዘር። ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኝ ይበልጥ ይስፋፋል። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ሠራተኛ እጅ ያሉ ሁለት ሣሮች እንዲህ የተለያዩት ለምን እንደሆነ ከቦርዱ የጠየቀን ሰው የለም።

ያለንበት ክልል በሣር ባለሙያዎች ዘንድ የሽግግር ቀጠና ይባላል። ለቀዝቃዛ አገር ሣር በጋው ይበረታበታል፤ ለሞቃት አገር ሣር የክረምቱ ብርድ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጋ በዚሁ በመካከለኛው የአትላንቲክ ዳርቻ ያሉ ብዙ ሜዳዎች፣ ሀብታም የሚባሉትም ሳይቀሩ፣ ግሪኖቻቸውን አጥተዋል። ከእኛ ወደ ደቡብ ባለችው አትላንታ ኢስት ሌክ የተባለው ታዋቂ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንትግራሱን ነቅሎ በበርሙዳ ተክቷል። ቤንትግራስን በጆርጂያ ሙቀት ይዞ የሚኖረው የኦገስታው ሜዳ ደግሞ ከግሪኖቹ ሥር አየር የሚስብና የሚነፋ መሣሪያ ቀብሯል፤ በዚያ ላይ ከግንቦት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በጋውን በሙሉ ለተጫዋች በሩን ይዘጋል። እኛ ግን ያንኑ ሣር በበጋ ልብ ከንጋት እስከ ማታ ክፍት አድርገን እናስረግጠዋለን። ይህን ሁሉ እያወቁ «ያልተጠበቀ ሙቀት» ብሎ መጻፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ስለ ውኃ ነው፤ ከሁሉም የከፋው እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንናገራለን።

በመጋቢት በጀት ስታጸድቁ ከሰዓት በኋላ በእጅ ውኃ የሚያጠጣው ፈረቃ እንዲቀር ወሰናችሁ። ሌሊት በኮምፒውተር የሚሠራ የውኃ መርጫ ስላለ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ አንከፍልም የሚል ነበር ምክንያታችሁ። ሁለቱ ግን አንድ ሥራ አይደሉም። የሌሊቱ መርጫ አፈሩን ያጠጣል። የከሰዓቱ ሰው ሣሩን ያቀዘቅዛል። ሣር ራሱን የሚያቀዘቅዘው ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ እያተነነ ነው። ሥሩ ሲያጥር፣ ከስሩ እርጥበት እያለም እንኳ፣ ቅጠሉ የሚያጣውን ያህል መሳብ ያቅተዋል። መጀመሪያ መልኩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣል። ቀጥሎ እግር የረገጠው ቦታ ተመልሶ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ቶሎ ካልተደረሰለት ያ ቦታ ይሞታል። ይህን ምልክት የሚያየው ኮምፒውተር አይደለም፤ የውኃ ጎማ ይዞ ግሪኑን የሚዞር ሰው ነው። እርሱ አፈሩን አያረሰርስም። በቅጠሉ ላይ ስስ ውኃ ያርከፈክፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

አሥራ አንደኛውን ግሪን ውሰዱ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ሁሉ የሚቀበል ነው። የላይኛው ጫፉ ላይ አሸዋው ውኃ አልቀበል ብሎ ውኃው ተንከባልሎ ይወርዳል። የእርጥበት መለኪያውን ስንሰካ ላይኛው ጫፍ ከመቶ ስምንት ሲያነብ፣ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ ያለው ከመቶ ሃያ ስምንት ያነባል። ለዚህ ግሪን መርጫ ብታስነሡ ላይኛው ሳይጠጣ ታችኛው ይሰምጣል። በእጅ የሚያጠጣ ሰው ግን ላይኛውን በመርፌ ወግቶ፣ ውኃውን የሚያሰርገውን ፈሳሽ ጨምሮ፣ በትዕግሥት ለብቻው ያጠጣዋል። በሰኔ መጨረሻ ያ ኃይለኛ ሙቀት ሲመጣ ሥራ የምናቆመው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ዓርብ ስንወጣ ላይኛው ጫፍ መልኩን መለወጥ ጀምሮ ነበር። የሜዳው ዋና ኃላፊ ሁለት ሰው ብቻ ለሦስት ሰዓት ያህል እንዲቆይ ፈቃድ ጠየቀ። ትርፍ ሰዓት እንደማይከፈል በስልክ ተነገረው። እርሱ ራሱ ብቻውን እስኪመሽ ድረስ ጎማ ይዞ ከግሪን ግሪን ሲሮጥ ዋለ፤ ሆኖም አሥራ ስምንት ግሪን ለአንድ ሰው አይዳረስም። ሰኞ ስንገባ የግሪኑ ሲሶ ገለባ ሆኖ ጠበቀን።

ከዚያ በኋላ የመጣው መመሪያ ነገሩን አባባሰው። ግሪኖቹ ደረቁ ሲባል የሌሊቱ ውኃ እንዲጨመር ከቢሮ ታዘዘ። በሞቃት ሌሊት የረጠበ ቅጠል ምን እንደሚያመጣ ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ፒቲየም የሚባል በሽታ አለ። ቀኑ ከ30፣ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈና ሣሩ ሌሊቱን በሙሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ፣ በአንድ ሌሊት ግሪን ይጨርሳል። ጎሕ ሲቀድ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ይታያል። አሥራ አራተኛው ግሪን ላይ ያን ነጭ ነገር ያየነው በሐምሌ አጋማሽ፣ የአባላት ውድድር በሚጀመርበት ዕለት ማለዳ ነው። ያን ቀን የጠየቅነው ትንሽ ነገር ነበር፤ ግሪኑ ጤዛው እስኪደርቅ አይታጨድ፣ ማጨጃውም ወደ ሌላ ግሪን ከመሄዱ በፊት ይታጠብ አልን። በሽታው በውኃና በማሽን ጎማ ስለሚተላለፍ ነው። ውድድሩ በሰዓቱ መጀመር አለበት ተባልንና አጨድን። አሁን ሄዳችሁ ብትመለከቱ የሞተው ሣር ክብ አይደለም፤ ማጨጃው የሄደበትን መስመር ተከትሎ እንደ አውራ ጎዳና ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከእኛ አትፈልጉም። አስቀድሞ የሚረጨው የፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ለቁጠባ ሲባል በሁለት ሳምንት ተገፍቶ ነበር። በሽታው ከታየ በኋላ የተረጨው ብዛትም ዋጋውም ከዚያ በላይ ሆነ፤ ሣሩን ግን አላዳነውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ አጨዳው ከፍታ ነው።

በግንቦት ከጥቂት ተጫዋቾች የመጣን አስተያየት ተቀብላችሁ ግሪኖቹ «ፈጣን» እንዲሆኑ አዘዛችሁ። የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል ቀላል ዘንግ ነው። ኳሷ ከዘንጉ ተንከባልላ ስንት ጫማ እንደምትሄድ ይለካል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አማተር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራው ሲሆን የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1970ዎቹ መጨረሻ አሻሽሎ ለሜዳ ኃላፊዎች አከፋፍሎታል። ዓላማው የአንድ ሜዳ ግሪኖች እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ እንዲሆኑ መርዳት ነበር። በእኛ ሜዳ ግን ከጎረቤት ክለብ ጋር መፎካከሪያ ሆነ። 11 ጫማ እንዲሞላ ሲባል ከ3.2 ሚሊ ሜትር ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ወርደን እንድናጭድ ተደረገ። በቁጥር ሲታይ ሰባት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም። ለሣሩ ግን ከቅጠሉ ከአምስት አንዱን ማጣት ነው። ምግብ የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ በቀነሰ ቁጥር ሥሩ ያጥራል፤ ሥሩ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያ የተሰረዘው ፈረቃ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ዓመት አብሮ መወሰን ለቤንትግራስ የሞት ፍርድ ነበር።

የሜዳው ዋና ኃላፊ በሰኔ መጀመሪያ በጽሑፍ ያቀረበው አማራጭ ነበር። በጋው እስኪያልፍ ከፍታው ወደ 3.8 ሚሊ ሜትር ይውጣ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከማጨድ ይልቅ በሮለር እንዳምጠው የሚል ነው። ሮለር ቅጠል ሳይቆርጥ ኳሷን ያፈጥናል። ተጫዋቹ ልዩነቱን አያስተውልም፤ ሣሩ ግን ይተነፍሳል። ሮለሩ ጋራዥ ውስጥ አለ፤ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ነው። ለዚያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ስለ ስድስተኛው ግሪን ብዙ አንልም። ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ረጃጅም ዛፎች የጠዋቱን ፀሐይ ይከለክሉታል፤ ነፋስም አይደርሰውም። ላቡ የማይደርቅ ግሪን ነው። ሁለት ትላልቅ ማራገቢያዎችና የጥቂት ቅርንጫፎች መቆረጥ ይበቃው ነበር። ይህንኑ ከአንዴም ሁለቴ ጠይቀናል። ዛፎቹ ለፎቶግራፍ ያምራሉ፣ የማራገቢያው ድምፅ ተጫዋች ይረብሻል የሚል መልስ አገኘን። ዛሬ እዚያ ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም።

ሌላው ነገር ባለፈው ዓመት የተሰረዘው የአፈር መብሳት ሥራ ነው። የቤንትግራስ ግሪን በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል አንድ ጊዜ፣ የበጋው ሙቀት ሲበርድ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ በባዶ ቧንቧ ተበስቶ በአሸዋ መሞላት አለበት። አፈሩ አየር የሚያገኘው፣ ሥሩም ወደ ታች የሚወርደው በዚያ ነው። ግሪኑ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ስለማያምር ተጫዋች ያማርራል፤ ገቢም ይቀንሳል። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ቀረ። ዘንድሮ በሚያዝያም ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ዝግጅት ሲባል ተዘለለ። ከዚያም በሐምሌ ግሪኑ ሲታመም አሁን ብሱት ተባልን። በ35 ዲግሪ ሙቀት በባዶ ቧንቧ መብሳት የታመመን ሰው ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ማከም ነው። ኃላፊው እምቢ በማለቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ከእርሱ ጎን እንቆማለን፤ በዚህ ወቅት የሚፈቀደው በቀጭን መርፌ መውጋት ብቻ ነው፤ እርሱንም አድርገናል።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገራለን። ሣሩን አስቀድመን ራሳችንን ወደ ኋላ ያደረግነው ጉዳያችን የሥራ መሆኑን እንድታዩልን ነው። ነገር ግን ያ ሙቀት የሚያርፈው በሣሩ ላይ ብቻ አይደለም።

የሜሪላንድ ግዛት ሠራተኛን ከሙቀት የሚከላከል ደንብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል። ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ላይ ተሰልቶ 80 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 27 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ አሠሪው ውኃና ጥላ ማቅረብ አለበት። 90 ፋራናይት ሲደርስ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ አሥር ደቂቃ፣ 100 ሲደርስ ደግሞ በየሰዓቱ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይገባል። አዲስ ሠራተኛም ሙቀቱን ቀስ በቀስ እንዲለምድ መደረግ አለበት። ይህ ልመና አይደለም፤ ሕግ ነው።

በእኛ ሜዳ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲሰረዝ ሥራው አልተሰረዘም። በጠዋቱ ፈረቃ ላይ ተደርቦ ተጫነ እንጂ። ስለዚህ ያው ሥራ በጥቂት ሰዓት እንዲያልቅ ዕረፍቱ ተበላ። በኋለኛው ዘጠኝ ጉድጓድ በኩል አንድም የተዘጋጀ ጥላ የለም፤ ውኃው ያለው ጋራዡ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ድረስ ሄዶ ለመመለስ ደግሞ ጋሪው ለተጫዋች ተይዟል። በሐምሌ ውስጥ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያ ሳምንቱ አንድ ወጣት ባልደረባችን አሥራ ሁለተኛው ፌርዌይ ላይ ማጨጃውን ሳያቆም ወደቀ። ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ እርሱ ተረፈ። በአምቡላንስ ተወስዶ በማግሥቱ ከሆስፒታል ወጣ። ለእርሱ ሙቀቱን የሚለምድበት ጊዜ አልተሰጠውም፤ በመጀመሪያው ቀኑ እንደ ነባሩ ሙሉ ሰዓት ነው የሠራው። ስለዚህ አደጋ በማስታወቂያችሁ ላይ አንድ ቃል የለም። ስለ ሣሩ ግን አለ።

በዚህ አጋጣሚ የመድኃኒት ርጭቱንም ሳናነሣ አናልፍም። ስለ ፀረ ፈንገስና ፀረ አረም መድኃኒት አያያዝ የሚሰጠው ሥልጠና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛውን አጣርተው የሚያነቡ ለሌሎቹ በቃል ይተረጉማሉ። ስንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ተረጨው ግሪን መግባት እንደሚቻል፣ የትኛው ጓንት ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሆን በጓደኛ ትርጉም መማር የለብንም።

ስለ ገንዘብ የምታነሡትን አስቀድመን እናውቃለን፤ በጀት ጠባብ ነው ትሉናላችሁ። እንግዲያው ሁለቱን ወጪ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለሕዝብ አውጡ። በአንድ በኩል የከሰዓቱ ፈረቃ የአንድ በጋ ደመወዝ ይጻፍ። በሌላው በኩል ሦስት ግሪን እንደገና ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ፣ ዘግይቶ የተረጨው መድኃኒት፣ ሦስት ጉድጓድ ሲዘጋ ለተጫዋቾች የተደረገው የዋጋ ቅናሽና ውድድራቸውን ወደ ሌላ ሜዳ የወሰዱ ቡድኖች ገቢ ይጻፍ። የትኛው እንደሚበልጥ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከላይ በዘረዘርነው መሠረት የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የከሰዓት በኋላው የእጅ ውኃ ፈረቃ ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ በየዓመቱ በበጀት ተይዞ ይመለስ። የዘንድሮው በጋ አላለቀም፤ የቀሩት አሥራ አምስት ግሪኖች አሁንም ከሰዓት በኋላ ሰው ይፈልጋሉና ለዘንድሮው ከነገ ጀምሮ ይጀመር።

የአጨዳ ከፍታን፣ የውኃን መጠንና ግሪን የሚዘጋበትን ቀን የመወሰን ሥልጣን በጽሑፍ ለሜዳው ዋና ኃላፊ ይሰጥ። የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ይነሣለት። ቦርዱ የሚፈልገውን የፍጥነት ዒላማ ማስቀመጥ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የሣሩ ጤና ይቅደም።

አፈር የመብሳት ሥራው በፀደይና በበጋ መጨረሻ የሚሠራበት ቀን ከዓመቱ መጀመሪያ በቀን መቁጠሪያ ይያዝ፤ ለዝግጅትና ለውድድር ተብሎ አይሰረዝ። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋትም የመጀመሪያው ተጫዋች የሚገባበት ሰዓት በሁለት ሰዓት ይገፋልን፤ ያን ጊዜ ካገኘን ተጫዋች ሳይከተለን የምንሠራው ሥራ ብዙ ነው። ለስድስተኛው ግሪን ማራገቢያ ይገዛ፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት ቅርንጫፎችም በመጪው ክረምት ይቆረጡ።

የሙቀት ደንቡ በሜዳችን በትክክል ይፈጸም። በኋለኛው ዘጠኝ ሁለት ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ይቀመጥ፤ ዕረፍቱ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ በሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ፤ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሉ ሰዓት አይሠራ። የርጭት ሥልጠናው በአማርኛና በስፓኒሽም ይሰጥ።

በመጋቢት በሚደረገው የበጀት ስብሰባ ላይ ከሜዳው ሠራተኞች አንድ ተወካይ ተገኝቶ እንዲናገር ይፈቀድ። በማስታወቂያው ላይ ያለው «በእንክብካቤ ጉድለት» የሚለው ቃል ተሰርዞ እርማቱ በዚያው ቦታ ይለጠፍ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እናሳስባለን። በዚህ አካባቢ የቤንትግራስ ዘር ተዘርቶ ክረምት ሳይገባ ሥር ለመስደድ የሚበቃው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ነው። ሦስቱን ግሪኖች ለመጠገን ዘሩ መታዘዝ፣ አፈሩ መዘጋጀት፣ በቀን ብዙ ጊዜ በስሱ የሚያጠጣ ሰውም መመደብ አለበት። ይህ ጊዜ ካለፈ ግሪኖቹ እስከ ሚያዝያ ባዶ ይሆናሉ፤ በፀደይ የተዘራውም ሥሩ ሳይጠና የሚቀጥለው በጋ ይደርስበታል። ስለሆነም መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ሦስቱን ግሪኖች አብረን ዞረን እንድናሳያችሁም ፈቃደኞች ነን፤ ብትመጡ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሜዳው የሣር እንክብካቤ ሠራተኞች

በሠራተኞቹ ስም፦ የተሰረዘው የከሰዓት በኋላ የውኃ ፈረቃ ኃላፊ የነበረ